ሠላሳ ሁለት ፈረሶች

ጋሪ ነጂዎቹ «መርፌዋ» ይሏታል። በእንስሳት ክሊኒክ ተቀጥራ ዘጠኝ ዓመት ፈረስ ስትከትብ አንድም ቀን ተረግጣ አታውቅም፤ እሷ የምትፈራው ግን እርግጫ ሳይሆን ስህተት ነው። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ እጀታውን የምትነካካ ሴት ናት። ባሏ «በሩ ራሱ ሰልችቶታል» እያለ ይቀልድባታል።

በዚያ ማክሰኞ ጋሪ መቆሚያው ላይ ሠላሳ ሁለት ፈረስ ከተበች። ትኩሳት አምጥቶ ሳንባ የሚያፍነው በሽታ ክረምት በገባ ቁጥር ይመጣል፤ ዝናቡ ሊጀምር ደግሞ ወር አልቀረውም። ነጂዎቹን ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምናለች። «እኔን ውጊኝ፣ እሱ ይናከሳል» ያላትም ነበር። አንድ ሽማግሌ ነጂ፣ አምና ፈረሳቸው ሞቶ ጋሪያቸው ስምንት ወር አጥር ተደግፎ የከረመባቸው፣ አዲሱም በመርፌው እንዳይታመምባቸው ፈርተው እሺ ያሉት በስንት መከራ ነው።

ሥራው አልቆ የተረፉትን ብልቃጦች ልታወጣ የክትባት ሳጥኑን ስትከፍት እጇ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ገባ። በረዶው ቀልጧል፤ ክዳኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። መቼ ነው የቀለጠው? ገና ጠዋት ነው ወይስ አሁን መጨረሻ ላይ? ክትባት ከሞቀ ከውሃ አይሻልም። ፈረሶቹ ሁሉ ሄደዋል።

ክሊኒክ ደርሳ ለኃላፊዋ ነገረችው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እንደገና መወጋቱ ፈረሶቹን አይጎዳም» አላት። «ግን ማን ይመጣልሻል? አንዴ ከጠረጠሩን ለከርሞም አናገኛቸውም።»

«ዝም በይ እያልከኝ ነው?»

«ዝም በይ አላልኩም።» መነጽሩን መልሶ አደረገና «ተናገሪም አላልኩም» አለ።

ቤቷ ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ ባሏ ነገሩን ሰማ። «ነገ ልትነግሪያቸው ነው?»

«አዎ።»

«ይጮኹብሻል።»

«ይጩኹ» አለች፤ ሌላ ሽንኩርት አንስታ መላጧን ቀጠለች።

በነጋታው ጋሪዎቹ ሳይንቀሳቀሱ መቆሚያው ደርሳ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተንጫጩ።

«ታዲያ የወጋሽልን ውሃ ነው?» አላት አንዱ።

«ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው የመጣሁት።»

«የዛሬውንስ በምን እናምናለን?»

ያመጣችውን በረዶ የሞላው አዲስ ሳጥን ከፍታ አቀረበችለት። እጁን እስከ አንጓው ከተተና ወዲያው አውጥቶ እፍ እፍ አለበት። የሳቀ አልነበረም።

ሽማግሌው ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ።

«ትናንት ግራ አንገቱን ነው የወጋሽው። ዛሬ በቀኙ አድርጊው ልጄ፣ ግራው አብጧል።»

እብጠቱን በመዳፏ ዳሰሰችው። «በሦስት በአራት ቀን ይጠፋል አባባ። እስከዚያ አያድክሙት።»

እስከ እኩለ ቀን ሃያ ስድስት ፈረስ ከተበች። አራቱን በማግስቱ ወፍጮ ቤት በር ላይ አግኝታ ከተበቻቸው። የቀሩት ሁለቱ፣ ግንባራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው ዳማዎች፣ ግን የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ።

ክረምቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ከታችኛው ሰፈር ፈረስ ሞተ ሲባል ሰማች። ጭቃውን እየረገጠች ሮጠች። ዳማ ፈረስ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ የለበትም። ያልከተበችው፣ ከሠላሳ ሁለቱ ያልሆነ። እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ባለቤቱ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ስታየው በእፎይታዋ አፈረች፤ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ከመግባቷ በፊት በመቆሚያው በኩል ዞራ ታልፍ ነበር። ሁለቱን ፈረሶች ግን አላገኘቻቸውም።