አጎቴ እንድሪስ ከመመርመሪያው ጋር የተሟገቱ ዕለት

እኔ ሰልዋን ላግባ አልኩ እንጂ የቧንቧ ውሃ ሰፈርን ሽማግሌ ሁሉ ላስመርምር መች አልኩ! ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ያኔ ደሴ ውስጥ ያለ ኤችአይቪ ምርመራ ኒካህ አይታሰብም። እኔና ሰልዋ ተመርምረን «ነፃ ነን» ብለን ስንሄድ አባቷ ጋሽ ውዱ ሌላ ጣጣ አመጡ።

«ዋስ የሚሆኑህ ሽማግሌዎችም ይመርመሩ። ራሱን ያላወቀ ሰው ለሌላው እንዴት ዋስ ይሆናል?»

ከሦስቱ ሽማግሌዎቼ ሁለቱ ስቀው እሺ አሉ። ዋናው ተናጋሪ፣ አጎቴ እንድሪስ ግን ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ አሰብ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። የመንገድ ጓደኞቻቸው በዚያ በሽታ ሲያልቁ «እኔም አለብኝ» ብለው በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ሐኪም አላዩ፣ ማንንም አልጠየቁ! ብርጭቆ ለብቻ፣ ሳህን ለብቻ፤ ልጅ ሊስማቸው ሲል ፊታቸውን ያዞራሉ። ሲሞቱ የሚገነዙበትን ነጭ ጨርቅ፣ ከፈናቸውን፣ ገዝተው ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡ ቆይተዋል፤ እንዲያውም አንዱን አይጥ በልቶባቸው ሌላ ተክተዋል። እኔን የሚያበግነኝ ግን የጣይባ ነገር ነው። ጣይባ የጋሽ ውዱ እህት ናት፤ ባሏ የሞተባት። እንደሚዋደዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አጎቴ ግን «እሷን አልገድልም» እያሉ ሳያገቧት ሸበቱ።

«እርስዎ ካልተመረመሩ ሰልዋን አጣኋት!» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አንጀታቸው አልችል ብሎ ተነሱ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ወንጌላዊት ጣታቸውን ወጋ አድርጋ፣ ጠብታ ደም ከጣት በማትበልጥ ፕላስቲክ ላይ አኖረች።

«አንድ መስመር ከወጣ ነፃ ነዎት፤ ሁለት ከወጣ ቫይረሱ አለ።»

አጎቴ ሊሞት እንደተቃረበ ሰው ሸሃዳ ማለት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ መስመር ወጣ።

«ሁለተኛው ይመጣል፣ ጠብቂው» አሉ።

«አባባ፣ አበቃ እኮ። ነፃ ነዎት።»

«ወላሂ አለብኝ! ይቺ ቁራጭ ላስቲክ ከእኔ በላይ ታውቀኛለች? ድገሚ!»

ደገመችው፤ በሌላ ዓይነት መመርመሪያም ሞከረች። ያው አንድ መስመር። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የለብህም እንዲባል ይጸልያል፣ የኔ አጎት አለብኝ ብለው ይሟገታሉ! ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«በሺር፣ ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ሆኜ ነው?» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ከዚያው በቀጥታ ጋሽ ውዱ ቤት ሄድን። አጎቴ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰልዋን ሊጠይቁልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ጣይባን ስጡኝ» አይሉ መሰላችሁ! የኔን ጉዳይ ማን ያስታውስ!

ጋሽ ውዱ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ሽማግሌዎቹ ይመርመሩ ያለችው እኮ እሷ ናት። ‹እሱን በሌላ በምን አስመረምረዋለሁ?› ብላ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ።»

የጣይባ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ።

«እሺ ብላለች በሉት። ያን ከፈን ግን ከቤት ያውጣልኝ።»