ጉልባን ውስጥ የገባው ቦሎቄ

የዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ከላቦራቶሪ ወጥቼ አሰላ እናቴ ቤት ስደርስ ጉልባኑ ቀርቧል። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል ስላልቀመሱ ቀደም ብለው በልተዋል። እናቴ የእኔን ጨልፋ ሰጠችኝ፤ ገና ሳልቀመጥ አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁ። መሃሉ ጥሬ ነው። ሳህኑን አየሁት፤ ከስንዴው ጋር ያለው ባቄላ ሳይሆን ቀይ ቦሎቄ ነው።

«እማዬ፣ ባቄላውስ?»

«ከየት ይምጣ? የዲክሲሱን ባቄላ በሽታ ጨረሰው። ይሄን ወንድምሽ ከአቦምሳ ላከልኝ።»

«በደንብ ፈልቷል?»

«መብራቱ ደክሞ ምድጃው ላይ ለብ እንዳለ ዋለ። ደግሞስ ፍሬው ከፈረሰ ምኑን ጉልባን ሆነ?»

አፌ ውስጥ ያለውን ተፋሁ።

እንጀራዬ የቦሎቄን ፕሮቲን ቅርጽ በኮምፒውተር መሳል ነው። አንድ ቀን ለእናቴ ላስረዳት ብሞክር፣ «እህል መሳል ደግሞ ሥራ ነው?» ብላ ስቃብኛለች። ፕሮቲኑ አራት ቁራጮች ተገጣጥመው የሠሩት፣ በየቁራጩ ላይ ቅርንጫፍ ያለው የስኳር ሰንሰለት የበቀለበት ነገር ነው። ስክሪን ላይ ሲያዩት ያምራል። ሆድ ከገባ ግን አንጀታችን ላይ ያሉትን ስኳሮች እየፈለገ እንደ መዥገር ይጣበቃል። በራሴ የደም ጠብታ ሞክሬው፣ ደሙ እንደ ተበላሸ ወተት ሲቋጠር አይቻለሁ። የሚንተከተክ ውሃ ያፈርሰዋል፤ ለብታ ግን አይነካውም።

«አባባስ?» አልኩ። መልሱ ከጓሮ መጣ፤ እያስመለሳቸው ነበር።

ግድግዳውን ይዘው ተንበርክከዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔ አሳምሬ የምስለው ነገር አባቴን ሲጥል ማየት አስደነገጠኝ፤ ባጃጅ ጠርቼ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ባጃጅ ውስጥ እናቴ፣ «በገዛ እጄ መርዝ አበላሁት» እያለች ጉልበቷን ትመታለች። ሐኪሞቹ ግሉኮስ ሰቀሉላቸው። ሲነጋ ዓይናቸውን ገልጠው ውሃ ጠየቁ። እናቴ፣ «የባቄላ ዘመድ መስሎኝ እኮ ነው» አለቻቸው። ዘመድማ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የተረፈውን ቦሎቄ ለመጣል እጇ አልታዘዝ አላት። ከሰል ላይ ጥዳ፣ ገንፎ እስኪመስል አንተከተከችው። አባቴ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «አዋቂዋ አንቺ ነሽ፣ ቅመሺ» አሉ፤ ለመሳቅ እየሞከሩ። ቀምሼ ዋጥኩ። እናቴ እንጀራ ሳትቆርስ አፍ አፌን ታየኛለች።

ዕድሜ ልኳን ስታበላን የኖረች ሴት፣ ቀስ ብላ፣ «ልብላው?» አለችኝ።