ለእትዬ ያልደረሰ ሰላምታ

ፍራሽ ሠሪዋን የሚያውቅ ሰው ስለ እጇ ሳያወራ አያልፍም። የተነደፈውን ጥጥ በጨርቁ ላይ ዘርግታ መዳፏን አንድ ጊዜ ካሳለፈችበት፣ የአተር ፍሬ የምታህል ቋጠሮ እንኳ አታመልጣትም። "እዚህ ጋ ያልተፈታ አለ" ትላለች፤ ፈልፍለው ሲያዩት አለ። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች "አንቺ ሳታገቢ የቀረሽው ወንዱን ሁሉ ገና ስትጨብጪው እንከን እያገኘሽበት ነው" እያሉ ያበሽቋታል። እሷም "እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አግብታችሁ ምን አተረፋችሁ?" ትላቸዋለች።

ያ እጅ አንድ ጊዜ ተሳስቷል። የተሳሳተውም በገዛ ሆዷ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን ከደም ማጠቢያ ማሽን ጋር ታስራ በኖረችበት ዘመን፣ እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ አንድ ኩላሊቷን ሰጠቻት። ሐኪሞቹም ከሆዷ በታች፣ በቀኝ በኩል፣ ከዳሌዋ አጥንት አጠገብ ተከሉላት። እትዬ ከጎኗ ካለው አልጋ ቀና ብላ "ከዛሬ ጀምሮ አብሬሽ ነው የምውለው፤ ሥራ ላይ ብትለግሚ አያለሁ" አለቻት። ስፌታቸው እስኪያማቸው ሳቁ። በሦስተኛው ዓመት እትዬ መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫትና ሞተች። የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት።

ፍራሽ ሠሪዋ ከጠባሳዋ አጠገብ ጠጠር ያለ እብጠት ያገኘችው ከሐዘኑ በኋላ ነው። ጡጫ ያህላል። ምንም የማያመልጣት ሴት ማንንም ሳትጠይቅ "እትዬ ናት" አለች። በቃ። ጠዋት ጠዋት ሽንቷን በጆግ ትለካለች፣ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ከዚያ እጇን እብጠቱ ላይ አሳርፋ "እንዴት አደርሽ?" ትላለች። በዓመቱ እብጠቱ ሲጨምር "ወፍረሻል፤ ሞት ተስማምቶሻል" ብላ ቀለደችባትና ወዲያው ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

የእትዬ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ ፍራሽ ሠሪዋ ሆዷ ባብቶ የልጅቷን እጅ ያዘችና እብጠቱ ላይ አሳረፈችው። "እማዬ እዚህ አለችልሽ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እጇን እዚያ ታሳርፋለች። አንዳንዴም ጎንበስ ብላ አፏን አስጠግታ የምትነግራት ነገር አለ። አክስቷ ያን ጊዜ ላለመስማት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

የወር አበባዋ ግን ልክ አጣ። አሥር ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን ይፈሳታል። ለክትትል ስትሄድ "ደህና ነኝ" ትላለች። ደህና አልነበረችም። ብናገር ሆዴን ይከፍታሉ፤ ከከፈቱ እትዬን ይነኩብኛል ብላ ፈርታ ነው። ይህን ሞኝነት የሚል ሰው እህቱን ቀብሮ አያውቅም። እንዲህ በሆዷ ይዛው ሁለት ዓመት ከረመችና አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለች የጥጡ ክምር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች።

ሆስፒታል ወሰዷት። ዶክተሯ በአልትራሳውንድ ልታያት ስትል እብጠቱን በመዳፏ ሸፈነችው። "እዚህ ጋ ቀስ በይልኝ። የእህቴ ኩላሊት ነው።"

ዶክተሯ አየችና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላት። "እጅዎ ያለበት ኩላሊት አይደለም፣ እህቴ። ማዮማ ነው፤ ከማህፀን የሚበቅል ዕጢ። አድጎ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ደሙም የሚፈስዎት ከሱ ነው። ኩላሊትዎ ከሥሩ ናት፤ እየተጫናት ነው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርሽ ስትለው የኖረችው እትዬን የሚጫነውን ነበር። "ነው?" ብቻ አለች።

ሆዷን መክፈት ለተተከለችው ኩላሊት ያሰጋ ነበር። ስለዚህ በብሽሽቷ በኩል ክር የምታህል ቱቦ በደም ሥር አስገብተው፣ ዕጢውን የሚመግቡትን ሥሮች አሸዋ በሚያካክሉ ቅንጣቶች ሊዘጉ ተወሰነ። መንገዱን ለማየት የሚረጩት ቀለም ግን ኩላሊትን ይጎዳል። "ጥቂት ነው የምንጠቀመው" አለች ዶክተሯ። "ምንም አትሆንም ብዬ ግን አልምልልዎትም።" ሲሠሩላት ነቅታ ነበር፤ ከንፈሯ ብቻ "እትዬ ይቅር በይኝ" እያለ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ዓይኗን ከጆጉ አልነቀለችም። ሽንቷ አልቀነሰም፤ የደም ምርመራዋም እንደ በፊቱ ሆነ። እትዬ ተረፈች።

ደሙ ቆመ፣ እብጠቱም በየወሩ እየሟሸሸ ሄደ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት እሷ ቅዳሜን መፍራት ጀመረች። ለልጅቷ ምን ብላ ትንገራት? የመርፌ ቀዳዳ የምታህለውን ቁስል ሦስት ወር ሙሉ "አልደረቀችልኝም" እያለች የልጅቷን እጅ አራቀች። በአራተኛው ወር ልጅቷ ሳታስፈቅድ እጇን ሰደደች። ወደ ላይ ፈለገች፣ ወደ ታች ፈለገች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"አክስቴ፣ እማዬ የለችም።"

"አለች።"

"የለችም እኮ። ሞታብሽ ደብቀሽኝ ነው?"

ፍራሽ ሠሪዋ አጠገቧ አስቀመጠቻት። "ያ እሷ አልነበረችም፣ የኔ እናት። ዕጢ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።" የቀረውንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

ልጅቷ "ታዲያ ፈተና ማለፌን የነገርኩት ለማን ነው?" አለች። "አባዬ ሌላ ሊያገባ ነው ብዬ ያለቀስኩትስ?"

አክስቷ የልጅቷን እጅ ይዛ ከጠባሳው ሥር ወሰደችው። "እዚህ ናት። ጠልቃ ነው ያለችው፤ በእጅ አትገኝም።"

"ትሰማኛለች?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን አንድ ጊዜ በዚህች ልጅ ልብ ላይ የሠራችው ይበቃታል። "አላውቅም" አለች። "ሥራዋን ግን አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም።"

ልጅቷ እጇን አላነሳችም። ከዚያ ጎንበስ አለችና ምንም በማይዳሰስበት ቦታ ላይ አፏን አስጠግታ፣ ከቀብሩ ማግስት ጀምራ ሁሉንም እንደ አዲስ መንገር ጀመረች። አክስቷም እንደ ድሮው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።