ጥላህን ስጠኝ

አንድ ቀን ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ጥላ ሆኜ ዋልኩ።

የዱራሜ መኪና እየጠበቅኩ ነበር። የበጋው ፀሐይ ታቃጥላለች። አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ትንሹ ትኩሳት ይዞት ገና ከሐኪም ቤት መውጣቱ ነው።

“ወንድሜ፣ ጥላህን ስጠኝ” አለችኝ፣ በሀዲይኛ ቅላጼ።

“ጃንጥላ የለኝም።”

“ጃንጥላ ማን ጠየቀህ? ረጅም ነህ፤ እዚህ ጋ ቁም።”

ቆምኩ። ልጆቹ ጥላዬ ውስጥ ተጠጋግተው ተኙ። ፀሐይዋ ስትዞር እኔም ዞርኩ። ወጣት ሳለሁ እዚሁ ግቢ ጆንያ እሸከም ነበር፤ ያኔ ፀሐይ መታህ ያለኝ ሰው አልነበረም። የመጨረሻው የዱራሜ መኪና ሲጠራ ንቅንቅ አላልኩም። እዚያም ቢሆን የሚጠብቀኝ የለም።

በመጨረሻ እነሱ የሚጠብቁት የዶዮገና መኪና መጣ።

“አባወራው፣ ቤተሰብህን አስገባ እንጂ!” አለኝ ረዳቱ።

“የእኔ ባል አጭር ነው” ብላ ሳቀች ሴትዮዋ። “ይሄ ጥላችን ነው።”

ትልቋ ልጅ በመስኮት እጇን አወዛወዘች።

“ቻው ጥላ!”

መኪናው ወጣ። ግቢው ውስጥ እኔና ጥላዬ ቀረን።