ከይግባኙ ጋር የተያያዘው የእርቅ ወረቀት

ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አንድ ጠዋት ከሮብ ገበያ በኩል አንድ ሽማግሌ ይግባኝ ሊያስጽፉ መጡ። የወንድማቸው ልጅ የጎረቤቱን ልጅ ደፍሮ ተፈርዶበታል። ከተፈታ የሚመለሰው ከእሷ ደጅ ፊት ለፊት ወዳለው ቤቱ ነው።

«በዚያ ቀን ሉማሜ ከተማ ነበር፤ ደጇን አልረገጠም በል» አሉኝ። ጻፍኩ። «ደግሞ አልጮኸችም በል።»

«ሉማሜ ከነበረ አለመጮኋን በምን አወቀ?»

«አንተ ልጅ፣ ዳኛ ሆንክ እንዴ? ጻፍ።»

ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ወረቀት አወጡ። ሽማግሌዎች የልጅቱን አባት ከተከሳሹ ጋር ያስታረቁበት ነው። «ይህን ሲያዩ ይለቁታል» አሉ በኩራት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተከሳሹ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በልጅቱ ላይ ስላደረሰው በደል አባቷን ይቅርታ ጠይቋል ይላል። የእሷ ስም የለም። ፊርማዋም የለም። የሰባት ሽማግሌ ፊርማ ግን ተደርድሯል፤ አንዱ የእሳቸው ነው።

«አባባ፣ ይህ ወረቀት ማድረጉን ያምናል» አልኳቸው።

«እርቅ ነው እንጂ ምን ያምናል! ሰባት ትልልቅ ሰው የፈረመበት ነው። አያይዝ።»

አያያዝኩ።

ይግባኙ ውድቅ ተደረገ። ዳኞቹ ያንኑ ወረቀት ጠቅሰው ቅጣቱን አጸኑት። ሽማግሌው ውሳኔውን ይዘው መጥተው አንብብልኝ አሉኝና አነበብኩላቸው።

«እኛ እኮ የፈረምነው እንዲፈታ ነው» አሉ ተቆጥተው። ከዚያም ከሰባቱ ሌላ ስንት ሽማግሌ ቢፈርም ይበቃ እንደሆነ ጠየቁኝ።