ማትያስ የተባለው ክር

ዛሬ ጊታር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የት እንደተሠራ ነው። እኛ ቤት አስቀድሞ የተጠየቀው ሃይማኖቱ ነበር።

እኔ ልጅ ሆኜ ጎንደር ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ እንደ ሰው ዘሩ ይቆጠር ነበር። በገና ጨዋ ነው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። ክራር ጠጅ ቤት ስለሚያመሽ አይታመንም። ጊታር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም፤ ወሳኟም እናቴ ነበረች። ችግሩ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን መድረክ ላይ ለመጫወት የራስ ጊታር ማስፈለጉ ነው። የሌለው ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ ባለፈው ዓመት አጨብጭቤ፣ ጎበዝ አጨብጫቢ ተብዬ ተመስግኛለሁ። ውርደቱን ዛሬም አልረሳሁትም።

"ልጄን አዝማሪ ልታደርገው ነው?" አለችው እናቴ አባቴን።

አባቴ ስልክ ቤት ሽቦ ጠጋኝ ነበር፤ ክርክር አይወድም። "እንግዲያው መሪጌታ ይምረጡለት" ብሎ ተገላገለ። መሪጌታ ይኄይስ በገና ደርዳሪ ጎረቤታችን ናቸው። በጾም ወራት የበገናቸው ድምፅ በአጥሩ በኩል ሲመጣ እናቴ የያዘችውን ሥራ ትታ ብድግ ትልና ቆማ ታዳምጥ ነበር። እሳቸው የመረጡትን እንደማትመልስ አባቴ አሳምሮ ያውቃል።

አባቴ፣ መሪጌታና እኔ ወደ ሐጂ ሰዒድ ሱቅ ሄድን። ላምባ፣ በርበሬና አዲስ አቡጀዲ በአንድነት የሚሸቱበት ሱቅ ነው። ከጣሪያው ሁለት ጊታሮች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው ባለ ስድስት ክር፣ ቀይ፣ አዲስ፣ ሆዱ ላይ አበባ የተሳለበት። ልቤ እዚያው ቀረ። ሌላው አንድ ጣሊያን መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሎት የሄደ፣ የጠቆረ፣ ባለ አሥራ ሁለት ክር አሮጌ ነው። መሪጌታ ሁለቱንም እንደ በቅሎ መረመሯቸው። ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ፣ አንገታቸውን ዳሰሱ፣ አፋቸው ውስጥ አዩ፣ አሸተቷቸውም። ከዚያ ክሩን ቆጠሩ።

"የበገና አውታር አሥር ነው፤ አሥርቱ ትእዛዛት። ይኸ ስድስቱ የምን ነው?" አሉ ቀዩን እያዩ።

"ዓለም የተፈጠረው በስድስት ቀን አይደል?" አልኩ። የተማርኩትን ሁሉ ለቀዩ ጊታር አፈሰስኩለት።

"ሰባተኛው ቀን የት ሄደ ታዲያ? ሰንበት የሌለው መሣሪያ!" ብለው ወደ አሮጌው ዞሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ። "አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት!"

"ሸጋ ዕቃ ነው፤ እኔስ ለእርስዎ ብዬ አይደል ያስቀመጥኩት" አሉ ሐጂ ሰዒድ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠሉትን የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ቀስ ብለው እያወረዱ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጊታሩን አየች፤ ስለ ሐዋርያቱም ሰማች። እሺ ልትል ስትል ቆም አለችና፣ "ይሁዳስ?" አለች።

ብዙ ፈላስፎች አንብቤያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ቤት ጸጥ ያሰኘ አላጋጠመኝም። መሪጌታ ግን እጅ አልሰጡም። ክሮቹን አንድ በአንድ ሲነኩ አንዱ እንደ ዝንብ ጢዝ የሚል አገኙ። "ይኸው ተያዘ!" አሉና የእናቴን መቀስ ተቀበሉ። ሲቆርጡት የተወጠረው ሽቦ ተፈናጥሮ ጉንጫቸውን ገረፈው።

"አያችሁት?" አሉ ጉንጫቸውን ይዘው። "ልማዱ ነው።"

በይሁዳ ቦታ ማትያስ መተካቱን የማያውቅ ስላልነበረ፣ ምትክ ፍለጋ ተጀመረ። አባቴ የስልክ ሽቦ አመጣ። መሪጌታ ለበገናቸው ካስቀመጡት የበግ አንጀት አውታር አመጡ። እናቴ፣ "መጽሐፉ የሚለው በዕጣ ነው" አለች። ዕጣውን ማን ያውጣ? አባቴ የሽቦ ወገን ነው፤ መሪጌታ የአንጀት፤ እናቴ የመሪጌታ፤ እኔ በድብቅ አሁንም የቀዩ ጊታር። በቤቱ ገለልተኛ ክርስቲያን ጠፋ። ተመልሰን ሐጂ ሰዒድ ዘንድ ሄድን።

"ለእናንተ ሐዋርያ እኔ?" አሉ ሐጂ እየሳቁ።

"ምነው፣ እርስዎ አያዳሉማ!" አሉ መሪጌታ።

ሐጂ እጃቸውን ታጠቡ፤ "ቢስሚላህ" ብለው በወረቀት ከተጠቀለሉት ሁለት ቁራጮች አንዱን ከአባቴ ባርኔጣ ውስጥ አወጡ። አንጀቱ ወጣ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ሽቦ ጥንካሬ ብቻውን ሲያጉተመትም ከረመ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። መድረክ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የክፍሌ ልጅ ቀዩን ጊታር ታቅፏል። ተራዬ ሲደርስ አውራ ጣቴ መጀመሪያ ያገኘችው ማትያስን ነበር። ድምም አለ፤ ወፍራም፣ አሮጌ፣ ከጉድጓድ የወጣ የመሰለ ድምፅ።

"አገሳ እኮ!" አለ አንዱ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። የማጨብጨቢያ ቦታዬ ታየኝ። ግራ ቢገባኝ ያንኑ ክር ደግሜ መታሁት።

ያኔ ከወላጆች መካከል እናቴ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች። ጎረቤቶቿ እሷን አይተው ተነሡ። ዳይሬክተራችን የሚቆሙ ሰዎች ሲያዩ የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር የተጀመረ መሰላቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀጥ አሉ። እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል? ሳቁ በአፍ በአፉ ቀረ፤ አዳራሹ በሙሉ ቆመ፣ ባለ ቀይ ጊታሩም ሳይቀር። የማውቃትን አንዲት ዜማ ስጨርስ የተቀመጠ ስላልነበረ እንደገና ጀመርኳት። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጽፌያለሁ፤ እንዲያ ያለ አድማጭ ግን አላገኘሁም።

በቀደም ልጄ ጊታር የሚያውቅ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ወጣቱ አሮጌውን ጊታር አገላብጦ አደነቀ፤ ስሪቱን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ሁሉንም ነገረኝ። "ይህ ክር ግን የጊታር አይደለም፤ መቀየር አለበት" አለኝ። በዕጣ የገባ በዕጣ ካልሆነ እንደማይወጣ፣ ዕጣ አውጪውም ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው እንደሆነ አስረዳሁት። በትሕትና ፈገግ አለና መጫወት ጀመረ። መቼም ያውቅበታል፤ ጣቶቹ እኔ በሕልሜም ያላየሁትን ይሠራሉ። መጨረሻ ላይ አውራ ጣቱ ማትያስን ነካች።

"ምነው አባዬ፣ የት ልትሄድ ነው?" አለችኝ ልጄ።

ለካ ብድግ ብዬ ነበር።