ከተረከዜ ሥር ያለችው ነጥብ

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የእኔ ሥራ እንከን መፈለግ ነው። ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ እየተመለከትሁ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ዓይኔን አምናለሁ። የራሴን እግር ሥር ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

የስቅለት ዕለት ሐይቁ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን እየሰገድሁ ነው። ጉሙ ገና ከጣና ላይ አልተነሣም፤ ከዛፎቹ ባሻገር ውኃው ይሰማል እንጂ አይታይም። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሳለ ቀዝቃዛ ጣት ተረከዜን ነካኝ። ዘወር ስል ከኋላዬ የሚሰግዱ አሮጊት መነኩሲት ናቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የቱ እማሆይ?»

«ከእግርሽ ሥር ያለው። በሰገድሽ ቁጥር ያየኛል።»

ጭቃ መስሎኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። አልለቀቀም።

ዘንዘልማ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ መስታወት ወለሉ ላይ አስተኛሁና እግሬን ከላዩ አነሣሁ። የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ፤ ባንድ በኩል ጠርዟ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተዘርግቷል። አታምም፣ አታሳክክም። ባለቤቴ አይቶ «ማርያም የሳመችሽ ይሆናል» አለኝ። መቼ እንደ መጣች ግን ሁለታችንም አናውቅም። ስንት ዓመት አብራኝ ስትራመድ እንደ ኖረች ሳስብ ፈራሁና ሐኪም ቤት ሄድሁ።

የቆዳ ሐኪሟ መብራት ያለው አጉሊ መነጽር ተረከዜ ላይ አስጠግታ ፎቶ አነሣችና በኮምፒውተር አሳየችኝ። የእግሬ ቆዳ የታረሰ ማሳ ይመስላል።

«ቀለሙ በትልሙ ውስጥ ሲተኛ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው» አለችኝ። «ከፍ ባለው ላይ ሲወጣ ነው የሚያሰጋው። የእርስዎ ጠርዙ ጋ አልለየልኝም። ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ።»

ምስሉን የሚመረምር ፕሮግራምም ነበራት። እሱ «አያሰጋም» ብሎ ጻፈ።

ጠበቅሁ። ባለቤቴ በየሳምንቱ እያየ «ያው ናት» ይለኛል። በመስታወት ሳያትም ያው ናት። ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ግን አንዳንዴ እኔ የቆምሁባት ሳይሆን እሷ የተሸከመችኝ ይመስለኝና እግሬን አነሣለሁ። መልሼ ለመርገጥ እፈራለሁ።

በቀጠሮዬ ሐኪሟ የድሮውንና የአዲሱን ምስል ደርባ አፈራረቀቻቸው። ያ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ሰፋ፣ ጠበበ፣ ሰፋ፣ ጠበበ፤ የሚተነፍስ መሰለኝ። ከትልሙ ወጥቶ ከፍ ባለው ላይ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ አሁንም «አያሰጋም» አለ።

«ዶክተር፣ ማንን ልመን?» አልኋት። «ባለቤቴም ማሽኑም ምንም የለም ይላሉ።»

«ፕሮግራሙ የተማረው በአብዛኛው በነጭ ቆዳ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ እግር ብዙ አላየም። እኔም ልሳሳት እችላለሁ። ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ካልታየ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።»

እርግጠኛ ነኝ ብትለኝ ኖሮ ተነሥቼ የምሄድ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ ስላለች አመንኋትና እግሬን ሰጠኋት።

ውጤቱ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ነበር። ደግነቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ሁለተኛ ጊዜ ሰፋ አድርገው ቆረጡና ከጭኔ ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ሁለት ወር በክራንች ሄድሁ። አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ፤ በየጊዜው እየሄድሁ ከራስ ቆዳዬ እስከ ጥፍሬ እታያለሁ።

ባለፈው ቀጠሮዬ ተራ ስጠብቅ ከአንበሳሜ የመጡ አንድ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ሽታው ይሰማል። እሾህ መስሏቸው ሁለት ዓመት ቅጠል ሲያስሩበት እንደ ኖሩ ነገሩኝ።

«በመነጽር ያያሉ ሲባል ሰማሁ፤ ምን ያገኙበታል?» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ የተለጠፈውን ቆዳ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ተመለከቱት። ከዚያ የራሳቸውን ጨርቅ ቀስ እያሉ ይፈቱ ጀመር። ስማቸው ሲጠራ እንኳ አልሰሙም፤ ክንዳቸውን ይዤ እስከ በሩ አደረስኋቸው።